ውሻዬ አረፋ ደፈቀች፤ አብዳ ነው ወይስ ጉርጥ ነክሳ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። ቡቺ የምትባል የ7 ወር ውሻ አለችን። ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ እንዳባራ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ፈታናት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አረፋ እየደፈቀች፣ ጭንቅላቷን እያራገፈች፣ አፏን በእግሯ እየፋቀች መጣች። ጎረቤታችን ‹ይቺ ውሻ አብዳለች፤ ልጆቹን አርቁ፤ ማስገደል ነው የሚሻለው› አሉ። ጥበቃችን ደግሞ ወተት ጋታት። ስታለከልክ አምሽታ ጠዋት ደህና ሆነች። በነጋታው ሮቶው ሥር አንዲት ትልቅ ጉርጥ አገኘን። እውነት ጉርጥ ውሻ ይመርዛል? ክረምቱ ገና ነው፤ ልጆቼም ከቡቺ አይለዩም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንኳን ቡቺ ተረፈችልዎት። እንኳንም ተቻኩለው አላስገደሏት። የጻፉትን ሳነብ የጉርጥ መርዝ መሆኑን ብዙም አልተጠራጠርኩም። ሰዓቱ፣ ዝናቡ፣ ድንገት መምጣቱ፣ አፏን መፋቋ፣ አድራ መዳኗ፣ ሁሉም ወደዚያው ይጠቁማል። በጎረቤትዎ ግን አልፈርድም። በአገራችን አረፋ የሚደፍቅ ውሻ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። መምጣቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ስለ ጉርጧም ስለ እብደቱም አብሬ እመልሳለሁ። ጅማ ውስጥ አንዱን ያለ ሌላው መመለስ አይቻልም።

መጀመሪያ ስለ ጉርጧ። ብዙዎቻችን ውሃ ዳር የሚዘለውን ሁሉ እንቁራሪት ብለን እናልፈዋለን። ጓጉንቸር የሚልም አለ፤ በኦሮምኛ ራቻ ይባላል። እኔ እዚህ ጉርጥ የምለው ቆዳው ደረቅ፣ ላዩ እብጥብጥ ያለውን፣ እግሩ አጠር ብሎ ከመዝለል ይልቅ ዳዴ የሚለውን ዓይነት ነው። እንቁራሪት ቆዳዋ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ ስትቀርቧት ተስፈንጥራ ትጠፋለች። ጉርጥ አትቸኩልም። ባትሪ ሲያበሩባት እንኳ ዓይኗን አፍጥጣ ባለችበት ትቀመጣለች። ቡችላን የሚያጓጓትም ይሄ ነው። ቀስ እያለ የሚሄድ ነገር ለቡችላ መጫወቻ ነው።

የማትቸኩለው መከላከያዋን ቆዳዋ ላይ ስለተሸከመች ነው። በባትሪ ብርሃን ቀረብ ብለው ይመልከቷት። ከዓይኖቿ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ ባቄላ የሚመስል ሞላላ እብጠት አለ። ላዩ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። መርዟ የሚበዛው እዚያ ውስጥ ነው። ሰላም እስካለች ድረስ ምንም አይወጣውም። እሷ መጥታ ውሻ አትነክስም፣ አታሳድድም። የውሻ ጥርስ ሲጫነው ግን ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። የቁልቋል ወተት አይተው ከሆነ ልክ እንደዚያ ነው፤ ይስባል፣ ይጣበቃል። ይህ ፈሳሽ የውሻውን ድድና ምላስ ይዞ ይቀራል፤ በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩልም ወደ ደም ይገባል። ውሻው ጉርጧን መዋጥ አያስፈልገውም። አንዴ መንከስ ወይም ደጋግሞ መላስ ይበቃል።

ፈሳሹ አፍን ያቃጥላል። ለሀጩ እንደዚያ የሚጎርፈው፣ ውሻዋ አፏን የምትፍቀው ለዚህ ነው። ወደ ደም የገባው ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ውስጡ አድሬናሊን አለበት፤ ልብ ያስደልቃል፣ ያስለከልካል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ቀጥታ ልብ ላይ የሚያርፈው ክፍል ነው። የልብ ሕዋሶች ሶዲየምን እያስወጡ ፖታሲየምን የሚያስገቡበት እንደ ፓምፕ ያለ ነገር አላቸው። መርዙ ያንን ፓምፕ ያስረዋል፤ የልብ ምቱም ይዛባል። ለልብ ሕሙማን የሚታዘዘው ዲጎክሲን የሚሠራው እዚያው ፓምፕ ላይ ነው፤ ከመጠን ሲያልፍም የሚገድለው በዚያው መንገድ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡበት ምረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለው ዛፍ፣ እሱም የሚመታው እዚያው ነው። ዛፉና ጉርጧ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ መርዛቸው ግን አንድ ቦታ ያርፋል። እኔን ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ላረጋጋዎት። ዩቲዩብ ላይ ውሻ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል ጉርጥ አይተው ይሆናል። እሱ የሸንኮራ አገዳ ጉርጥ የሚባለው ነው። መነሻው ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋይ ወደ አውስትራሊያ ተወሰደ፤ ሸንኮራ አገዳ የሚያጠፋውን ጢንዚዛ ይበላል ተብሎ ነበር። ጢንዚዛውን ሳያጠፋ እሱ ራሱ አገር ወረሰ። ትልልቆቹ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። እኛ አገር እሱ የለም። የእኛዎቹ በአካልም ያነሱ ናቸው፤ አንዴ የሚያወጡት መርዝም ያነሰ ነው። አፉ ቶሎ የታጠበ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይድናል። ቢሆንም የመርዝ ጉዳት የሚለካው ከሰውነት ክብደት ጋር ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ውሻ ለሀጩን አዝረክርኮ የሚያልፈው መጠን 4 ኪሎ የምትመዝን ቡችላን ሊጥላት ይችላል። ያረጀና የልብ ችግር ያለበት ውሻም እንደ ቡችላ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጉርጥ የነከሰ ውሻ የሚድነው ወይም የሚጎዳው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። እነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ በእኔ እጅ አይደሉም፤ በእርስዎ እጅ ናቸው። የሚያስፈልገው ውሃ ነው። ብዙ ውሃ፣ ቶሎ።

አያያዙ እንዲህ ነው። ውሻዋን ከኋላ ሆነው በሁለት ጉልበትዎ መካከል ያዟት። አፍንጫዋ ወደ መሬት ያዘንብል። ይህን አደራ። የውሃ ጎማውን በጉንጯ በኩል፣ ከጥርሷ ጎን ያስገቡና በቀስታ ይልቀቁት። ውሃው በአንድ ጎን ገብቶ በአፏ ፊት ለፊት መውጣት አለበት። ወደ ጉሮሮዋ አቅጣጫ በፍጹም አይልቀቁ። እጅዎ ላይ ጓንት ወይም ፌስታል ያድርጉ። በእርጥብ ጨርቅ ድዷን፣ ምላሷን፣ ላንቃዋን ይጥረጉ። በተለይ ከክራንቻዋ ሥርና ከከንፈሯ እጥፋት ውስጥ ያለውን አይርሱ፤ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጨርቁን እያጠቡ ይደጋግሙ። መጀመሪያ ድዷ ሙልጭ ሙልጭ ይልብዎታል፤ ያ ሙጫ እስኪለቅ ድረስ አያቁሙ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ረጅም ነው፤ ትታገልዎታለች፤ ልብስዎ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ «በቃት» ብሎ ይለቃታል። አልበቃትም። ዓይኗ ውስጥ ከገባም በንጹህ ውሃ እጠቡላት።

ውሃ ቢጠፋስ? ጅማ ነን፤ ይጠፋል። ለዚህ አንድ ጀሪካን ውሃ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ይቀመጥ። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በምስማር ሦስት አራት ቦታ ይብሱት። ሲጫኑት ልክ እንደ ጎማ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እኔ ራሴ ሜዳ ላይ ስሆን የምጠቀመው በዚህ ነው።

ውሻዋ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ከተንፈራገጠች ወይም ራሷን ከሳተች ግን ማጠቡን ይተዉት። ያኔ ውሃው ሳንባዋ ይገባል፤ እጅዎንም ሳታውቅ ልትነክስ ትችላለች። በፎጣ ጠቅልለው ወደ ሐኪም ይሩጡ።

ስለ ወተቱ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት። ጥበቃዎን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ ያወቀውን ነው ያደረገው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ፣ ሌሊት ላይ አንድ ሰውዬ ነጭ ውሻውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞልኝ መጣ። ውሻውን ጠረጴዛ ላይ ሳስተኛው ድዱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ደረቱ ላይ እጄን ሳሳርፍ ልቡ ሦስት አራቴ ይሮጥና ድንገት ቀጥ ይላል። እንደገና ይሮጣል። ከንፈሩን ስገልጠው በላይኛው ክራንቻ ሥር ያ ነጭ ነገር ተለጥፏል። በጎዝ ስስበው እንደ ክር ተሳበ። አጠብኩት፣ ግሉኮስ ተከልኩለት፣ መድኃኒት ሰጠሁት። ሊነጋ ሲል ልቡ ተስተካከለ። ሰውዬው ደስ ብሎት ግንባሩን ሳመው። እኔ ግን አንድ ድምፅ እየሰማሁ ነበር። በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ውስጥ ይንኮራኮራል። «ምን ሰጥተኸው ነበር?» ስለው «ግማሽ ሊትር ወተት ጋትኩት» አለኝ። የሚያለከልክና ለሀጩ የሚዝረበረብ ውሻ በደንብ መዋጥ አይችልም። ወተቱ ሳንባው ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ። መርዙን ተሻግሮት ነበር፤ የገደለው ወተቱ ነው። ሰውዬው ውሻውን ይወደው ስለነበር ነው የጋተው። እስከ ዛሬ ወተት ሲሉኝ ያ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።

ስለዚህ ወተት አይጋት። ሎሚም፣ ዘይትም፣ የተወቀጠ ከሰልም፣ እንድታስመልስ ተብሎ የጨው ውሃም አይጋት። ቤት ውስጥ የተረፈ የሰው ክኒንም አይሰጥ። ውሃውም ቢሆን ለማጠብ እንጂ ለማጠጣት አይደለም።

አሁን ወደ እብደቱ። እህቴ፣ ቡቺ ተከትባለች? ጥያቄዎ ላይ አልጻፉትም። እኔ ግን ሁሉም ነገር እዚህ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል። እስካሁን «እጅዎን አፏ ውስጥ ያስገቡ፣ ድዷን ይጥረጉ» እያልኩዎት ነው። ያልተከተበች፣ ለሀጯ የሚዝረበረብ ውሻ አፍ ውስጥ ግን ማንም እጁን እንዲያስገባ አልመክርም። በጓንትም ቢሆን። የተከተበች ውሻ ባለቤት ያንን አሥር ደቂቃ ሳይፈራ ይጠቀምበታል። ያልተከተበች ውሻ ባለቤት ቆሞ ያያል፤ ወይም ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ከጉርጥ ለመከላከል መጀመሪያ ምን ላድርግ ብለው ቢጠይቁኝ የእብድ ውሻ ክትባት ያስከትቡ የምለው ለዚህ ነው። የጉርጥን መርዝ ክትባቱ አይከላከልም፤ እርስዎ እጅዎን ዘርግተው እንዲረዷት ግን ያስችልዎታል። ቡችላ በ3 ወሯ ትከተባለች፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ቡቺ 7 ወሯ ነው። ካልተከተበች ይህን ሳምንት አያሳልፉት።

ሁለቱን እንዴት ይለያሉ? የጉርጥ መርዝ ድንገት ነው። ውሻዋ ከደቂቃዎች በፊት ጭራዋን ስትቆላ የነበረች ናት። ማታ ነው፣ ወይም ሊነጋጋ ሲል፤ መሬቱ እርጥብ ነው፤ ከሣር ወይም ከቦይ ዳር ነው የመጣችው። ድዷ ይቀላል፣ አፏን ትፍቃለች፣ ታስመልሳለች፣ ሲብስ ትንገዳገዳለች ወይም ትንፈራገጣለች። ባለቤቷን ግን ታውቃለች፤ እንዲያውም እርዱኝ ብላ ወደ ሰው ትመጣለች። የእብድ ውሻ በሽታ ቀናት ይወስዳል። መጀመሪያ ጠባይዋ ይለወጣል። ተጫዋች የነበረችው ጥግ ትይዛለች፤ ጭምት የነበረችው ትተናኮላለች። እንጨት፣ ድንጋይ፣ ሰንሰለቷን ትነክሳለች። ድምፅዋ ይጎረንናል። መዋጥ ያቅታታል፤ መንጋጋዋ ይንጠለጠላል፤ የኋላ እግሯ ይከዳታል። በየቀኑ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አድሮ አይሻልም። ምልክቱ ከታየ በ10 ቀን ውስጥ ይገድላል፤ የሚያድነውም የለም። ቡቺ ጠዋት ተነስታ ደህና ሆነች ማለትዎ ለእኔ ትልቁ መልስ ነው።

ልምድ ያለው ሰውም ግን በመጀመሪያው ሰዓት ሊሳሳት ይችላል። መንጋጋው የተንጠለጠለን ውሻ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብለው አፉ ውስጥ እጃቸውን የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እባክዎ እንዳያደርጉት። ውሻው ካልተከተበ፣ ወይም ከየት እንደመጣ ካላወቁ፣ ልጆቹን ያስገቡ፣ በሩን ይዝጉ፣ ከተቻለ ከሩቅ በጎማ ውሃ ይልቀቁበትና ባለሙያ ይጥሩ። መግደል የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። ተዘግቶበት ሁለት ሰዓት ቢቆይ ብዙ ነገር ይለያል።

ጥበቃዎንም አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ወተቱን ሲግታት ጥርሷ ቧጭሮታል? እጁ ላይ ቁስል ነበረው? ቡቺ ካልተከተበች፣ እሱም አዎ ካለ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድና ይታይ። ከማክሰኞ ጀምሮ 10 ቀን ሙሉ ቡቺን ይከታተሏት። እስከዚያው ደህና ከሆነች ያን ዕለት ለሀጯ ውስጥ የእብደት ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ግን ጤና ጣቢያ መሄዱን የሚያስቀር አይደለም። ወደፊትም ማንም ሰው በውሻ ቢነከስ ወይም ለሀጭ ቁስሉን ቢነካው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥብና ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ነገርም አለ። በዚያን ዕለት ውሻዋን ለመዥገር በዲያዚኖን አጥባችኋት ነበር? ጎረቤት ጎመን ወይም ጫት ላይ ማላታይን ረጭቶ ነበር? የፀረ ተባይ መርዝም ለሀጭ ያዝረበርባል። ያ ሲሆን ብዙ ጊዜ የዓይኗ ብሌን ይጠባል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ ሽንት ያመልጣታል፣ ጡንቻዋ ይርገበገባል። አፍ ማጠብ ብቻውን አይበቃም። ሰውነቷንም በሳሙና አጥበው ቶሎ ይውሰዷት፤ የነካችውን ኬሚካል ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። ኮሽታ በሰማች ቁጥር እንደ እንጨት የምትገተር ከሆነ ደግሞ የውሻ መርዝ የሚባለውን፣ ስትሪክኒንን፣ ይጠርጥሩ። እሱ ደቂቃ አይሰጥም።

መቼ ወደ ሐኪም? ቡችላ ከሆነች ቢሻላትም ትታይ። ትልቅ ውሻ ከታጠበ በኋላ ለሀጩ እየቀነሰ ከመጣና እንደ ልቡ ከተራመደ ቤት ሆኖ መከታተል ይቻላል፤ እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ዓይንዎን አይንቀሉበት። ግማሽ ሰዓት አልፎ ካልተሻለው፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ድዱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ አይጠብቁ። ባጃጅ ውስጥም አፍንጫውን ወደ ታች እንዳዘነበለ ይያዙት። እኛ ጋ ሲደርስ የምናደርገው መርዙን ማርከሻ መስጠት አይደለም። መንፈራገጡን በዲያዜፓም እናስታግሳለን፣ ግሉኮስ እንተክላለን፣ ሙቀቱ ከጨመረ እናቀዘቅዛለን፣ ልቡን እየሰማን እንደ ምቱ መድኃኒት እንመርጣለን። ይህን ለሚያነቡ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ቃል፦ ለሀጭ ስላያችሁ ብቻ አትሮፒን አትውጉ። ልቡ እየሮጠ ከሆነ ትጎዱታላችሁ። በጉርጥ መርዝ አትሮፒን የሚያስፈልገው ምቱ ከመጠን በላይ ሲዘገይ ነው።

መከላከሉ ላይ ልቆይ፤ የእርስዎም ጥያቄ እሱ ነውና። እኛ አገር የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ጉርጥም ቀን ተደብቃ ትውላለች፣ ማታ ትወጣለች። ሁለቱን በአንድ ሰዓት እየፈታናቸው ነው። ጅማ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። አዌቱ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የቦዬ ረግረግ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቦይ ነው። ጉርጥ የምትጠላው ነገር የለም። ስለዚህ ጉርጧን ከማሳደድ ይልቅ የመፍቻ ሰዓቱን መቀየር ይቀላል። ቡቺን ከመጨለሙ በፊት፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ፈተው ያሯሩጧት። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ትግባ፣ ወይም ሲሚንቶው በረንዳ ላይ ትታሰር። ጉርጥ አምሽታ የምትርመሰመሰው በመጀመሪያዎቹ የጨለማ ሰዓታት ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ይብሳል። ግቢ ለመጠበቅ የግድ መፈታት ካለባት፣ ከመፈታቷ በፊት አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ግቢውን ይዙር። አምስት ደቂቃ ነው።

የበረንዳ መብራትዎንም ይመልከቱ። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አሸን ሲፈላ አምፖሉ ሥር ምን እንደሚሆን አይተዋል። አሸኑ መብራቱን ከቦ ይረግፋል፤ ጉርጧ ከሥሩ ቁጭ ብላ ትለቅማለች። አንዳንዴ ሦስት አራት ሆነው። ቡቺ የምትተኛው እዚያው በረንዳ ላይ ከሆነ እርስዎ ሳያውቁ ለጉርጦቹ ድግስ ደግሰውላቸዋል። መብራቱን ያጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ ነጩን አምፖል በቢጫ ይቀይሩት፤ ቢጫው ብርሃን የሚስበው ነፍሳት ያነሰ ነው። የውሻ ምግብም እንዲሁ። ማታ የተረፈ ፍርፋሪና አጥንት ሜዳ ላይ ሲያድር ጉንዳንና በረሮ ይጠራል፤ እነሱ ጉርጥን ይጠራሉ። ቀን ያብሏት፣ ሳህኑን ያንሱ። የመጠጫ ውሃዋም ከፍ ያለ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ጠዋት ጠዋት ደፍተው ይቀይሩት። ጉርጥ የውሃ ሳህን ውስጥ ገብታ መቀመጥ ትወዳለች።

ሮቶው ሥር ያገኟት ጉርጥ በአጋጣሚ አይደለም እዚያ የሄደችው። የሚያንጠባጥብ ውሃ፣ ጥላ፣ ድብቅ ቦታ፣ ሁሉም አለላት። የሚያንጠባጥበውን ያሠሩ፤ የሮቶውን ሥር በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ይድፈኑ። የማገዶ ክምር፣ አሮጌ ጎማ፣ የተጣለ ቆርቆሮ ካለ ከውሻዋ መኝታ ይራቅ። ውሃ ያቆረውን ሁሉ ይድፉ፤ ለወባ ትንኝም ይጠቅማችኋል። የጓሮ በሩ ሥር ክፍተት ካለው ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሽቦ መረብ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የሆነ፣ ሥሩን ትንሽ መሬት ውስጥ ቀብረው ይምቱበት። ጉርጥ ከዚያ በላይ አትወጣም። «ተዪ!» የሚል ትእዛዝ ማስተማርም ይጠቅማል፤ በሥጋ ቁራጭ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። አንዴ ቀምሳ ስለተቃጠለች ትታዋለች ብለው ግን አይተማመኑ። አንዳንዱ ውሻ ይማራል፤ አንዳንዱ በየክረምቱ ይደግመዋል።

ጉርጧን ግን አይግደሏት። ጨው የሚነሰንሱባት፣ ነዳጅ የሚያፈሱባት ሰዎች አሉ። ጭካኔ ነው፤ ደግሞም ምንም አይጠቅምም፤ በማግስቱ ሌላዋ ትመጣለች። እሷ ለጎመንዎ ወዳጅ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ትል፣ በረሮና ምስጥ ስትለቅም ታድራለች። በቆሻሻ ማፈሻ አንስተው ባልዲ ውስጥ ያድርጓትና ሩቅ ካለ ቦይ ዳር ይልቀቋት። በባዶ እጅ አይያዟት። ጤነኛ የእጅ ቆዳን እምብዛም አትጎዳም፤ ግን በዚያ እጅ ዓይን ቢታሽ ክፉኛ ያቃጥላል። ለልጆቹም ይህን ያህል ይበቃቸዋል፦ ጉርጥ አይነካም፣ አይወገርም፤ ከተነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ማስፈራራት አያስፈልግም። ባትሪ ይዘው ከሩቅ ያሳይዋቸው፤ ያንን ከዓይኗ ጀርባ ያለውን እብጠት ልጅ አንዴ ካየ አይረሳውም።

የቀረው የጥበቃዎ ነገር ነው። ማታ ነቅቶ የሚያድረው እሱ ነው፤ ቡቺ ስትታመም ቀድሞ የሚደርስላትም እሱ ነው። አንድ ቀን በብርሃን፣ ውሻዋ ደህና ሆና ሳለች፣ አብረው ይለማመዱት። አያያዙን፣ አፍንጫዋን ወደ መሬት ማዘንበሉን፣ ጎማውን በጉንጭ በኩል ማስገባቱን ያሳዩት። ቡቺም አፏ ሲነካ ትለምደዋለች። የተበሳውን ሃይላንድ፣ ጨርቁንና ጓንቱን በአንድ ፌስታል አድርገው ቧንቧው ላይ ይስቀሉ። ማታ የሚመጣላችሁን የእንስሳት ሐኪም ስልክም እዚያው ግድግዳው ላይ ይጻፉት። በከሰልም ቢሆን ይነበባል።